ከኮራት ለደብረ ብርሃን

ናኮን ራቻሲማ (ኮራት)፣ ታይላንድ
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወዳችሁ ለአባባ፣ ለእማዬ፣ ለእትዬ እና ለሚሚ፤

እማዬ፣ የደም ግፊት መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው? ባለፈው ስንነጋገር ድምፅሽ ደከም ብሎብኝ ነበር። እትዬ «ጉንፋን ነው» ብላ ብትሸፋፍነውም ልቤ አላረፈም። እትዬ፣ እባክሽ እውነቱን ጻፊልኝ፤ ሩቅ ስላለሁ አትደብቁኝ።

ዛሬ እዚህ በዓል ነው። የቀድሞው ንጉሣቸው የንጉሥ ቡሚቦል ልደት ስለሆነ የአባቶች ቀን ብለው ያከብሩታል። ንጉሡ የተወለዱት ሰኞ ነው፤ የሰኞ ቀለም ደግሞ በእነሱ ዘንድ ቢጫ ነውና ከተማው በሙሉ ቢጫ ለብሷል። ትናንት በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አባቶች ተጠርተው በረድፍ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ መሬት ተንበርክከው፣ መዳፋቸውን ገጥመው፣ ግንባራቸውን ከአባታቸው ጉልበት ላይ ደፉ። አንዱ አባት ከሥራ ሳይቀይር የመጣ ነው፤ እጁ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ልጁ አንገቱን ሲደፋ ያን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጠርጎ ነው የልጁን ራስ የዳሰሰው። አባባ፣ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ጉልበትዎን ሳልስም ዓውደ ዓመት አልፎ አያውቅም ነበር፤ ዘንድሮ እንቁጣጣሽም መስቀልም አለፈኝ። ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርዱ በረታ አይደል? እዚህ የብርድ ወቅት ገባ ብለው ልጆቹ ጃኬት ደርበው ይመጣሉ፤ እኔ በሸሚዝ ነኝ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ያየ ሰው ይህን ብርድ አይለውም።

ኑሮውን ጠይቃችሁኛል። ደመወዜ 18,000 ባህት ነው። ለክፍሌ 3,000 እከፍላለሁ፤ መብራትና ውሃ ለብቻ ነው። አንድ ሳህን ሩዝ ከነወጡ 50 ባህት ነው፣ በእኛ ወደ 180 ብር። መጀመሪያ ሁሉን ወደ ብር እየመነዘርኩ ስበላ አልወርድ ይለኝ ስለነበር መመንዘሩን ተውኩት። ትምህርት ቤት የምሄደው ሶንግቴው በሚሉት፣ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር በተገጠመለት ፒክአፕ ነው፤ 10 ባህት ያስከፍላል። ያናደደኝ ግን ቡናው ነው። ከገበያ አዳራሹ አጠገብ አንድ ካፌ የይርጋጨፌ ቡና ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ አንዱን ስኒ 150 ባህት ይሸጣል! ገብቼ ዋጋውን ጠይቄ ወጣሁ። እማዬ ሦስት ጊዜ አፍልታ በነፃ የምታጠጣኝን በሦስት ሳህን ሩዝ ዋጋ አልገዛም። ጤፉስ ስንት ገባ? ዘይትስ? ሁሉ ነገር እጥፍ ሆነ ይሉኛል። የላክሁት ብር ካልበቃ ንገሩኝ።

ጾሙን ይዣለሁ፤ እማዬ አትስጊ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ ምክንያቱም የዓሣ መረቅ የማይገባበት ምግብ የላቸውም። በኋላ ግን መላውን አገኘሁት። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ለእኛ ዓይን 17 ቁጥር የሚመስል ምልክት አለ። «ጄ» ይሉታል። ያ የተሰቀለበት ቤት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ፣ ሌላው ቀርቶ ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም መጨረሻ አካባቢ፣ ዘጠኝ ቀን ብዙ ሰው ይጾመዋል። ከሰፈሬ ጥግ ያልበሰለ ፓፓያ በሙቀጫ እየወቀጠች የምትሸጥ ሴትዮ አለች። «ጄ» ስላት ሙቀጫውንና ዘነዘናውን አጥባ፣ በዓሣ መረቁ ፈንታ ጨውና ሎሚ አድርጋ፣ ቃሪያውን በደንብ ትወቅጥልኛለች። የቃሪያው ኃይል ከእኛ ሚጥሚጣ አይተናነስም። የሚበላው ከሚጣበቅ ሩዝ ጋር ነው፤ ሩዙ ክዳን ባለው የቀርከሃ ሙዳይ ውስጥ ይመጣል፣ በጣት ቆርሶ ማጥቀስ ነው። ማንኪያ ሳላነሳ መብላቴን አይታ ሴትዮዋ ደስ አላት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሩዝ ትጨምርልኛለች። ያም ሆኖ እንጀራ እንጀራ ነው። ሌሊት ሽሮ ሲንተከተክ ይሸተኛል።

ስለ ሥራዬ ግን አታስቡ፤ በዚህ ደረቴን ነፍቼ ነው የምጽፍላችሁ። ጠዋት አንድ ተኩል ላይ በር ቆሜ ልጆቹን እቀበላለሁ። እያንዳንዱ መዳፉን ገጥሞ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሁለት ሰዓት ሲሆን በአገሩ ሁሉ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ከዚያ ጫማቸውን ደጅ ደርድረው ክፍል ይገባሉ፤ «ቲቸር፣ ቲቸር» ሲሉ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። እኔ የእንግሊዝኛ ረዳት መምህር ነኝ፣ ዋና መምህሯ የአገሩ ሰው ናት። እሷ ሰዋስው ታስረዳለች፤ እኔ አነባለሁ፣ አስደግማለሁ፣ ደብተር አርማለሁ። ልጆቹ የቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ል» «ን» ያደርጉታል፤ «ስኩል» በሉ ሲባሉ «ሳኩን» ይላሉ። እኛ ደግሞ «እስኩል» ስንል ነው ያደግነው። አፌን ከፍቼ የምላሴን ጫፍ ከላይኛው ጥርሴ ሥር ለጥፌ እንዳቆየው አሳየኋቸው። አንዲት አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ዴስክ ሥር ትንሽ መስታወት ይዛ ስትለማመድ ቆይታ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ እጇን አውጥታ አስተካክላ አለችው። ክፍሉ አጨበጨበ። ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ ሰው ምላስ የት እንደሚያደናቅፍ ያውቃል፤ ይህን ለማንም ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። በወላጆች ስብሰባ ቀን አንዲት እናት በጣቷ እያመለከተችኝ ለመምህሯ አንድ ነገር ተናገረች። ቋንቋቸውን ገና ባልችልም «ፋራንግ» ማለት ነጭ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነጩ መምህር መቼ ነው የሚመጣው ማለቷ ነበር። መምህሯ ፊቷ ቀላ። እኔ እጄን ገጥሜ ሰላም አልኳትና የልጇን ደብተር ገልጬ አሳየኋት። አላየችውም። ማታ ክፍሌ ገብቼ ረጅም ሰዓት መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች የመጡት ፈተና አይጠየቁም፤ እኔ ግን ቶይክ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 600 ነጥብ አልፌ ነው እዚህ የቆምኩት። ከእነዚያ አገሮች የመጣ፣ ከጎኔ የሚሠራ አንድ ልጅ ከዚህ በፊት አስተምሮ አያውቅም፣ ደመወዙ ግን የእኔን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ለአንድ ሥራ በፓስፖርት ቀለም ሁለት ዋጋ ማውጣት ግን ግፍ ነው። አባባ፣ አልተጣላሁም፤ እንዳስተማሩኝ ዝም ብዬ ሥራዬን ሠራሁ።

እሑድ ይከብደኛል። በሌላው ቀን ጫጫታው ይይዘኛል፤ እሑድ ግን ቅዳሴ የለ፣ ቡና የለ፣ አማርኛ የሚሰማ ሰው የለ። ኅዳር ጽዮን ዕለት በስልክ የተቀዳ መዝሙር ከፍቼ ብቻዬን ቆምኩ። ለመሆኑ የአዲስ አበባ መንገድ ተከፍቷል? እትዬ አሁንም ለሥራ አዲስ አበባ ትመላለሳለች? ሰላም ካልሆነ ይቅርብሽ እህቴ። ሚሚስ ትምህርቷን ሳታቋርጥ እየሄደች ነው? ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ምግብ አይወርድልኝም።

ይህን በቴሌግራም ፎቶ አንስቼ ልኬዋለሁ። ሚሚ፣ ለአባባ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ለጎረቤት ሁሉ፣ በተለይ ለነፍስ አባታችን፣ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ በጸሎት ያስቡኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የሚበር ሰው ካገኛችሁ ሽሮና በርበሬ ላኩልኝ፤ ብዙ አይሁን፣ ሰው እንዳይከብደው። ለመደወል የሚመቸኝ በእናንተ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ እዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ እነሱም ማታውን እንደኛ ሁለት ብለው ነው የሚቆጥሩት። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ሁላችሁም ቤት ሁኑ።

ልጃችሁ