ስለ እሳት አጥፊ ቤት ኑሮ

የዘማች ቤት እንዴት እንደሚያድር ከአያቶቻችን ሰምተናል፤ የነጋዴም ሚስት ባሏ እስኪመለስ ስንት ሌሊት እንደምትቆጥር እናውቃለን። እሳት የሚያጠፋ ሰው ያገባች ሴት ኑሮ ግን ብዙ አልተነገረለትም። እኔ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋራ በትዳር የምኖር ስለ ሆንሁ፥ ያየሁትን በጥቂቱ ልጽፍ ወደድሁ።

የተወለድሁት ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዴት አጠገብ ነው። በልጅነቴ በዚያ አገር እሳት ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው በወዳጅነት ነበረ፤ ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ከጎረቤቷ እሳት ትጭር ነበርና። በበጋ ግን ነፋስ ተነሥቶ የሣር ክዳን ወይም የጤፍ ክምር የተቀጣጠለ እንደ ሆነ፥ አንዱ «እሪ!» ሲል አገሩ ሁሉ ይደርሳል። ወንዱ እርጥብ ቅጠል ቆርጦ ይሮጣል፤ ሴቲቱ እንስራዋን አዝላ ትከተላለች፤ ገሚሱም እሳቱ እንዳይሻገር የቀጣዩን ቤት ክዳን ያወርዳል። በዚያ መንደር ሁሉም እሳት አጥፊ ስለ ነበረ፥ በዚህ ስም ተለይቶ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሚስትም ከባሏ አጠገብ ቆማ ውሃ ታቀብላለች እንጂ ቤቷ ተቀምጣ መመለሱን አትጠብቅም።

የከተማ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ስልክ ይደወላል፤ ጥቂት ሰዎች በመኪና ይሄዳሉ፤ የቀረው ሕዝብ ቆሞ ያያል። ባለቤቴ የሌሊት ተራ በገባ ቀን የመኪናውን ጩኸት የሰማሁ እንደ ሆነ፥ ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግረኝ የለም። እጁ በሥራ ላይ ሳለ ልቡን ወደ ቤት መጥራት ስለሚሆንብኝም አልደውልለትም። ሲመለስ «ጠፋ» ይላል፤ ከዚህ በላይ አይጨምርም። ያዳኑት ሰው ያለ እንደ ሆነ እየተጫወተ ቡናውን ይጠጣል፤ ሳይደርሱለት የቀረ ሰው ያለ እንደ ሆነ ግን ልጆቹን አጠገቡ አስቀምጦ ዝም ይላል። እኔም ሳልጠይቅ ሁለተኛውን እቀዳለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ልብሱ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክና ቀለም ሽታ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢታጠብም አይለቅም። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት፥ የእሳት አጥፊነት ሥራ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል። መርዙ በጢስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ጥላሸቱም በቆዳና በልብስ ላይ ሆኖ ቤት ድረስ ይከተላል። ስለዚህ የእርሱን ልብስ ከልጆቹ ለይቼ በሌላ ሳፋ አጥባለሁ። እርሱም ገላውን ሳይታጠብ ልጆቹን አይስምም፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ በር ላይ ቆሞ ያያቸዋል።

አንዲት ጎረቤቴ «እታለም፥ ደመወዝ የሚበላበት ሥራ አይደለም ወይ? ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። «ደመወዙ የሚከፈለው ለመሄዱ ነው፤ ለመመለሱ ዋስ አይሆንም» አልኋት።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች በተቃጠለ ጊዜ የአገሬው ሰው ከእሳቱ ጋራ ሲታገል፥ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጥተው ረድተዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ፥ የመንገዱ ጥበት የማጥፋቱን ሥራ እንዳከበደው ተነግሯል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኛ የከተማ ሰዎች ሎሚውን ሁሉ ለጥቂቶች አሸክመናል።

እንግዲህ ነጋዴው መተላለፊያውን በዕቃ ባይዘጋ፥ መኪና ነጂው ጩኸቱን ሲሰማ ጥግ ቢይዝ፥ የቤቱም ጌታ ሻማውንና ከሰሉን አጥፍቶ ቢተኛ፥ እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ አነሣ ማለት ነው። ካህናት አባቶቻችንም ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶነ እሳት የዳኑበትን ታሪክ ሲያስተምሩ፥ በዚያች ሌሊት ወደ እሳት የሚገቡትን ቢያስቧቸው፥ እኛም ሚስቶቻቸው ብቻችንን የምንጠብቅ አይመስለንም።