ማውስ አልታዘዝ ሲል

በዛሬ ጊዜ በጽሕፈት ቤትም ሆነ በቤት ውስጥ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ሁሉ ማውስን ያውቃል። ስሙ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው፤ ዳሩ ግን በአማርኛ «አይጤ ጠፋች» የሚል ጸሐፊ አላጋጠመንም፤ ሁሉም ማውስ ብሎ ለምዶታል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዳግላስ ኤንግልባርት አስቦ፣ ቢል ኢንግሊሽ በካሊፎርኒያ ሲሠራው፣ ከእንጨት የተበጀና ከሥሩ ሁለት መንኰራኵር ያለው ሣጥን ነበረ። ያን ጊዜ እንደ ጅራት የሚጐተት ገመድ ነበረው፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ ገመዱን ትተው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ከአንዲት ትንሽ መቀበያ ጋር ይነጋገራሉ።

በቤታችን ገመድ አልባውን ማውስ አጥብቀው የሚፈልጉት አባታችን ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ በላፕቶፑ ላይ በጣት የሚዳሰሰው ሰሌዳ አይሆንላቸውም፤ ቀስቱ ይሸሻቸዋል። ማውሱን ግን በመዳፋቸው ሙሉ ይዘው፣ እሑድ እሑድ ማታ ዋሽንግተን ካለችው እኅታችን ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ይጫወታሉ። ማንንም ሳይለምኑ ይህን ማድረጋቸው ለእርሳቸው ትልቅ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ለማውሱ አዲስ ድራይቨር ከገባ በኋላ ቀስቱ ደርቆ ቀረ። አባታችንም «እንግዲህ እኔን ይብቃኝ፤ እናንተ ስትመጡ ትደውሉልኛላችሁ» አሉ። ከብልሽቱ ይልቅ ይህ ንግግራቸው አሳሰበን።

ድራይቨር በቃሉ ሾፌር ቢሆንም ሥራው የአስተርጓሚ ነው፤ ይኸውም ማውሱ የሚልከውን ምልክት ለኮምፒዩተሩ በሚገባው ቋንቋ መንገር ነው። አስተርጓሚው ከተሳሳተ፣ ሁለቱ ደኅና ሆነው ሳሉ አይግባቡም። ስለዚህ አስቀድመን የባትሪ ድንጋዩን ለወጥን፤ ቀጥሎም መቀበያዋን ነቅለን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰካናት። በዚያ ማውሱ በደኅና ታዘዘ። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር አዲስ ለመግዛት ገበያ ይሮጣል፤ ገንዘብ በከንቱ ማባከን ነው።

የቀረውን ሥራ በኪቦርድ ብቻ ፈጸምነው። በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና የኤክስን ቁልፍ በአንድነት ተጭኖ፣ ቀጥሎ የኤምን መጫን የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ይከፍታል። በታብ ቁልፍ ወደ ዝርዝሩ ገብተን፣ በቀስት ቁልፎቹ ወርደን የማውሶቹን ረድፍ አገኘንና በቀኝ ቀስት ከፈትነው። በማውሱ ስም ላይ ቆመን ሺፍትንና ኤፍ10ን ስንጫን ትእዛዞቹ ወጡ። ከነዚያም መሣሪያውን የሚያስወግደውን መረጥን፤ አዲሱ ድራይቨርም አብሮ እንዲጠፋ ምልክት አደረግን። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን «እንደገና አስነሣ» በሚለው እንጂ «ዝጋ» በሚለው አላጠፋነውም፤ ፈጥኖ እንዲነሣ የተሰናዳ ኮምፒዩተር ሲዘጋ የድራይቨሮቹን ሁኔታ አስቀምጦ ሲከፈት መልሶ ያመጣዋልና። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ማውሱን እንደ አዲስ እንግዳ ተቀብሎ፣ ከራሱ ዘንድ ያለውን ተራ ድራይቨር ሰጠው፤ ቀስቱም ተንቀሳቀሰ።

ሆኖም ሥራ ፈትቶ ጥቂት ሲቆይ እንደገና ደረቀ። ይህኛው ሌላ ነገር ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል የዩኤስቢውን መሰኪያ ያጠፋዋል። በዚያው የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ይህን ፈቃድ ነሣነው። መቀበያዋንም በአጭር ገመድ ከዩኤስቢ 3 መሰኪያው አራቅናት፤ የዚያ መሰኪያ ሥራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ስለሚያሰማ ነው።

አባታችን ሁሉንም በዝምታ ሲመለከቱ ቆይተው፣ ቁልፎቹን በተራቸው በትልልቅ ፊደል በወረቀት ላይ እንድንጽፍላቸው አዘዙን። ወረቀቱንም ከጠረጴዛው በላይ በገዛ እጃቸው ለጠፉት፤ ጥቂት ተጣሟል። እሑድ ማታ እኛ ራት ስናሰናዳ የእኅታችን ሳቅ ከወዲያኛው ክፍል ተሰማ፤ ለካ ካሜራው የሚያሳያት የአባታችንን ግንባር ብቻ ኖሯል።