የዘይት ሽቶና የእህቴ አፍንጫ

ነርስ ሽቶ አይቀባም። እኛ ስንማር እንዲህ ተብለን ነው የወጣነው። እኔም ዲፕሎማዬን ከያዝኩበት ከ1973 ዓ.ም. አንስቶ ጡረታ እስከወጣሁበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በሥራ ሰዓት እጄ ላይ ከሳሙናና ከአልኮል በቀር ምንም አላረፈም። ነገሩ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አስም ያለበት ሰው በጠንካራ ሽታ ትንፋሹ ሊያጥረው ይችላል፣ ነፍሰ ጡርን ያስመልሳታል። ከዚያ በላይ ደግሞ አፍንጫችን የሥራ መሣሪያችን ነበር። ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ራሱን ሊስት የተቃረበ ሰው ትንፋሹ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ያመረቀዘ ቁስል ፋሻው ሳይፈታ ይታወቃል። የሽርት ውሃዋ ሽታ የተለወጠ ወላድ ካለች ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ቶሎ ይጠራል። ሽቶ ያለበት እጅ ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

ሌላው ጡረተኛ ዶሮ ያረባል፣ እኔ ሽቶ መቀባት ጀመርኩ።

የዘይት ሽቶ ስል አልኮል የሌለበትን፣ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን፣ ብዙዎቻችን የዓረብ ሽቶ የምንለውን ማለቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብልቃጦች ያመጣችልኝ ከሳዑዲ የተመለሰች የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሌሎቹን አዲስ አበባ ስሄድ ከመርካቶ እየለቀምኩ አጠራቀምኩ። አልኮል ያለበት ሽቶ ተረጭቶ ወዲያው ስለሚተን ክፍሉን ሁሉ ይሞላል። ዘይቱ ግን ቆዳ ላይ ይቀመጥና በሰውነት ሙቀት ቀስ እያለ ይወጣል፤ አጠገብሽ ለተቀመጠ ሰው እንጂ በሩ ላይ ለቆመው አይደርስም። አንድ ጠብታ ይበቃል። አርባ ምንጭ እንደምታውቋት ሞቃት ናት፤ እዚህ የሚቀባ ዘይት ደጋ ላይ እንደተቀባው አይደለም፣ ቶሎ ይነቃል፣ ቶሎም ያልቃል።

ቻርት መያዝ ለምዶብኝ ደብተር ከፈትኩ። አንዱን ዘይት ሦስት ቀን እቀባለሁ፣ በግራ እጄ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ሳላሸው። እንደተቀባ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላና ማታ የሚሸተውን እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አዲሱን ዘይት ክንዴ ላይ ትንሽ ነካ አድርጌ ሁለት ሦስት ቀን እጠብቃለሁ፤ የሚያሳክክ ወይም የሚያቀላ ከሆነ አንገቴ አጠገብ አይደርስም። ይህቺን እናንተም አትዝለሏት። የሽቶ አለርጂ አንዴ ከጀመረ ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል።

የጽጌረዳው ብልቃጥ ላይ «ንጹሕ» ይላል። አንድ ኪሎ እውነተኛ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3 ሺህ ኪሎ በላይ አበባ ይፈጃል፣ ስለዚህ በጥቂት ብር የገዛሁት ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ጠዋት ደስ ይላል። እኩለ ቀን ላይ፣ ሲቀላ ገበያ ቆሜ ቲማቲም ስመርጥ፣ የልብስ ሳሙና ሆነ።

ዑዱ ሌላ ታሪክ ነው። ዑድ የሚገኘው በህንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ነው፤ ዛፉ ሻጋታ ሲያጠቃው ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፣ ያ የታመመው እንጨት ነው በውድ ዋጋ የሚሸጠው። ስቀባው በመጀመሪያ የመጣልኝ የበረት ሽታ ነው። የጋሞ ደጋ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይገባዋል፤ ከብቶቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ከእኛ ጋር ያድሩ ነበር። ልታጠበው ተነስቼ ተውኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጭስና ማር መሰለኝ፣ ማታ ደግሞ የቆየ የእንጨት ሳጥን። ጎረቤቴ «ጭስ ሞቀሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ከሁሉም ወደድኩት።

ሚስክ የሚባለው ድሮ ከአጋዘን ዓይነት እንስሳ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው በአብዛኛው በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ አንሶላ ይሸታል። እንግዳ ነገሩ ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለእኔ ይጠፋል። ጠፋ ብዬ ልጨምር ስል ልጄ «እማዬ፣ ከሳሎን ይሸተኛል» አለችኝ። አፍንጫ ይለምዳል፤ ራሳችን ላይ ያለውን ሽታ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። ይህን ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከአገራችን እጣን የተጣራው ዘይት አስገርሞኛል። በከሰል ላይ የምናውቀው የእጣን ጭስ አይደለም፤ ከነትግራይና ከመተማ የሚመጣው እጣን ዘይቱ መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ ነው የሚሸተው፣ ከዚያ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሆነው። ከሁሉም ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ዝባድ አልቀባም። ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድ በከብት ቀንድ ታጭቆ ከአገራችን ለዘመናት ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል፣ የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎችም ሲፈልጉት ነበር። እንስሳው ግን በጠባብ ቀፎ ተዘግቶ በየጥቂት ቀናቱ ከዕጢው ይፋቅለታል። ሰው ሠራሹ አለ፣ ይበቃል።

ለነገሩ መዓዛን በቅባት መያዝ ከዓረብ የመጣ ብልሃት አይደለም። እናቴ ጨንቻ እያለን ለጋ ቅቤን በአደስና በአሪቲ አሽታ ፀጉራችንን ትቀባን ነበር። በጋሞ ሃላቃ ሲሾም ራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፣ በመስቀልም ቅቤ ያልነካው ራስ አይገኝም። ቅቤም ዘይትም ሥራቸው አንድ ነው፤ መዓዛውን ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል። የአደሱን ቅቤ ባለፈው ዓመት ራሴ አዘጋጅቼ ሞከርኩት። ሁለት ቀን ልጅነቴ ነበር። በሦስተኛው ቀን የአርባ ምንጭ ሙቀት አበላሸው።

ሎሚና የመሳሰሉት ከልጣጭ የሚጨመቁ ዘይቶች ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ የሚተወው ጥቁር ምልክት ለወራት አይለቅም። በእኛ ፀሐይ በተለይ ተጠንቀቁ።

አያት ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አራስ ቤት ስትሄዱ ሽቶውን እቤት ተዉት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ገና በደንብ ሳይለይ የእናቱን ጡት በሽታ ይፈልጋል፣ እናቲቱም ብትሆን ሽቶ ተቀብታ ባታጠባ ይመረጣል። ካምፎርና ሜንቶል ያለበት የጉንፋን ቅባት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም፣ በተለይ አፍንጫው ሥር። ካምፎር ተውጦ ሕፃንን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ብልቃጦቹንም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መልካም የሚሸት ነገር ሁሉ ለልጅ ጣፋጭ ነው።

ይህን ሁሉ ሽቶ ለብቻዬ ልጨርሰው ስለማልችል፣ ባለፈው ዓመት ለመስቀል ጨንቻ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ አንድ ብልቃጥ ሚስክና አንድ ዑድ ወሰድኩላት። ዕድሜዋ 74 ነው፣ ከልጇ፣ ከምራቷና ከልጅ ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። በወጣትነቷ ልብሷ በአሪቲ የታጠነ፣ በልክ የምትቀባ ሴት ነበረች።

በጥር ተመልሼ ወጣሁ። ከሙዝ ማሳው ተነስቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ዶርዜን ሲያልፉ ቀርከሃውና ጉሙ ይቀበላል፣ ሹራብ ያስለብሳል። ግቢው ውስጥ ገና እንደገባሁ ዑዱ ተቀበለኝ። ለዓመት የሚበቃት ብልቃጥ ሊያልቅ ደርሷል። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጇ ሰላም ልትለኝ መጣችና ከአያቷ ጎን ሳይሆን ከእኔ ማዶ ተቀመጠች።

«ያመጣሽልኝ ሽቶ ደካማ ነው» አለችኝ እህቴ።

ምራቷ ወጥ ቤት ስረዳት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ወጡ ሁሉ አይጥማቸውም፣ ጨው ጨምሪ ይሉኛል፣ ሙያዬን ንቀውታል። የደም ግፊት ኪኒን የምትውጥ ሴት ናት ጨው የምታስጨምረው። ባለፈው ደግሞ የኮመጠጠ ወተት ለልጁ ልትሰጥ ስትል ደርሳ ነጠቀቻት፣ ቤቱ ተኮራረፈ።

ማታ ብቻችንን ስንሆን እህቴን አልጋዋ ላይ አስቀምጬ ዓይኗን አስጨፈንኳት። ቡና፣ ቅርንፉድ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ሳሙና፣ አንድ በአንድ አፍንጫዋ ሥር አቀረብኩ። ቡናውን ብቻ ተጠራጥራ አወቀችው። ባሕር ዛፍ ሳቀርብላት «ቀዝቃዛ ነው» አለች። ያ ማሽተት አይደለም፤ ቅዝቃዜና ማቃጠል የሚሰማን በሌላ ነርቭ ነው። ለዚህ ነው ማሽተት የማይችል ሰውም ሚጥሚጣ የሚያስነጥሰው።

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዝም ብላ ቆየች። «አንቺ ልጅ፣ ልጅቷ ትሸሸኛለች። አርጅቼ የሸተትኩ መሰለኝ። ለዚያ ነው የምጨምረው» አለችኝ።

እንግዲህ አስቡት። የራሷን ጠረን ማወቅ አትችልም፣ እንዳልሸት ብላ ትቀባለች፣ ልጅቷ ከሽቶው ትሸሻለች፣ እሷ ደግሞ ከእርጅናዬ ነው ብላ ትጨምራለች።

የማሽተት ችሎታ ከ60 ዓመት በኋላ እየደከመ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ከ65 እስከ 80 ዓመት ካሉት ከግማሽ በላይ፣ ከ80 በላይ ካሉት ደግሞ ከአራቱ ከሦስቱ በላይ ማሽተታቸው በጉልህ የደከመ ነበር። ቀስ እያለ ስለሚሄድ ባለቤቱ አያውቀውም። የምግብ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ ስለሆነ ወጡ ይወቀሳል፣ ምራትም ትወቀሳለች። አደጋም አለው። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ የሚሸት ነገር ይጨመርበታል፣ ያን የማይሸት ሰው ሳያውቅ ክብሪት ይጭራል። (የከሰል መርዙ ግን ሽታ የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም፤ ጥሩ አፍንጫም አያድንም። እናንተ የደጋ ሰዎች፣ ከሰል መኝታ ቤት አታስገቡ።)

ሁሉም ግን የዕድሜ አይደለም። በድንገት የጠፋ፣ በአንድ አፍንጫ በኩል ብቻ የጠፋ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ ከሆነ ሐኪም ይታይ። አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋ ወይም ሳይነስ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ ሕመም ከሌሎቹ ምልክቶች ዓመታት ቀድሞ በዚህ ይጀምራል። እህቴን አርባ ምንጭ አውርጄ አስመረመርኳት። የበቀለ ነገር የለም። ሐኪሙ ዕድሜው ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የያዛት ከባድ ጉንፋንም ሳይጨምርበት አልቀረም አለ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ብልቃጦቼ ሥራ ያገኙት እዚህ ላይ ነው። በጀርመን ድሬስደን ከተማ ቶማስ ሁመል የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ማሽተት ለጠፋባቸው ሰዎች አራት ሽታ ሰጥተው ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንት አለማመዷቸው፤ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ካልተለማመዱት ይልቅ የተለማመዱት ተሻላቸው። ሁሉም አልዳኑም፣ ግን ጉዳት የለው፣ ወጪ የለው። አራት የመድኃኒት ጠርሙስ ቀቅዬ አጠብኩ፣ ጥጥ አደረግሁባቸው፣ በየጥጡ ላይ ከየዘይቱ ጠብ አደረግሁ። ያ ሳሙና የሆነው ጽጌረዳዬ አልተጣለም። እያንዳንዱን አሥር ሰከንድ ያህል በቀስታ ማሽተት፣ ሽታውንም በልብ ለማስታወስ መሞከር፣ ትንሽ ማረፍና ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ደብተሩን ለልጅቷ ሰጠኋት። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አያቷን ዓይን ታስጨፍናለች፣ ጠርሙስ ትመርጣለች፣ ካወቀች ራይት ካላወቀች ኤክስ ትጽፋለች። ኤክስ መጻፍ በጣም ትወዳለች። ለምራቲቱ ሁሉን ነገር አስረዳኋት፤ አለቀሰች። ጨው ከእንግዲህ በእሷ ልክ ብቻ ይገባል፤ እህቴ ጣዕም ከፈለገች ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ሳህኗ ላይ ትጨምራለች። ወተትና ቅቤ ሌላ ሰው ሳያሸተው ለልጅ አይሰጥም። ሽቶው ቀን ላይ አንዲት ጠብታ ሚስክ ብቻ ሆነ፣ የምትቀባትም ልጅቷ ናት፣ ለመቀባት ደግሞ መጠጋት ግድ ነው። ዑዱን ይዤው ወረድኩ፤ ሊያልቅ ቢደርስም ለእኔ የሚበቃ አለው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ቅርንፉዱ መጣላት። ሎሚው «የሆነ ነገር አለ» ነው የምትለው። ጽጌረዳው እስካሁን የለም፣ ላይመጣም ይችላል፣ ይህንንም ነግሬያታለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ስልክ ደውላ ቅርንፉዱን ከቀረፋ ለየሁት አለችኝ። ልጅቷ ከኋላዋ ሆና «ግማሹን ጊዜ!» ስትል ሰማኋት።