የቡቺ እግር

አንድ ምሽት ከባንክ ስመለስ ቡቺ በረንዳው ላይ ተኝቶ፣ የኋላ ግራ እግሩ ብቻዋን ስትንቀጠቀጥ አየሁ። በሕልሙ ጥንቸል የሚያሳድድ መስሎኝ ግጥም ጻፍሁለት። ምጣኔውንም የቀዳሁት ከዚያች እግር ነው፤ እኩል እኩል ትመታ ነበርና።

ውሻ ሲያልም መንፈራገጡ እውነት ነው። በሕልም ሰዓት አንጎል ጡንቻዎችን ይገታል፤ ከልጓሙ ያመለጠ ትእዛዝ ግን መዳፍ ያርገበግባል። ይህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ምት የለውም፤ የተዘበራረቀ ነው፤ ውሻው ሲነቃም ይቀራል። የቡቺ እግር ግን ነቅቶ ሲበላም፣ ጅራቱን እየቆላ ሲቀበለኝም አላረፈችም። ደስ ያሰኘኝ ያ እኩል ምት ነበር የበሽታው ምልክት።

የእንስሳት ሐኪሙ አስቀድሞ ስላለፉት ሳምንታት ጠየቀኝ። ዓይኑና አፍንጫው ይፈስ፣ ያስለውም ነበር፤ ጉንፋን ነው ብዬ ትቼዋለሁ። የምታጠባ ውሻ ብትሆን የካልሲየም ማነስን፣ መላ አካሉ ቢገተር ደግሞ መርዝን (ለባዘኑ ውሾች ሲጣል የኖረውን ስትሪክኒን) እጠረጥር ነበር አለኝ። የቡቺ ግን ዲስቴምፐር ነው፤ ቫይረሱ ነርቮቹ ዘንድ ደርሷል። ቢድን እንኳ ምቱ ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላል።

«ተከትቧል?»

የሰው ሒሳብ ሳንቲም ሳላዛንፍ የምዘጋው ሰውዬ፣ «ደመወዝ ሲወጣ» እያልሁ ስንት ደመወዝ አሳልፌ ኖሯል!

ግጥሙን አልቀደድሁትም። ማታ ማታ መዳፌን እግሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ ከሥሩ ትመታለች፤ እኔም ሳላስበው ቀለም እቆጥራለሁ።