ከርነሉን መለወጥ ብቻ አይበቃም

ማኅበራችን በአባላት መዋጮ በተከራየው ሰርቨር ላይ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የጻፏቸው የትምህርት ማስታወሻዎችና የቆዩ የፈተና ጥያቄዎች እንደሚገኙ የታወቀ ነው። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ስለሄዱ፣ ጽሑፉ ቢጠፋ መልሶ የሚጽፈው የለም። ይህን ሰርቨር ከባለ 32 ቢት ወደ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ የማዛወሩ ሥራ ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ ስለተሰጠን፣ ያየነውን ለሌሎች ይጠቅም እንደሆነ በአጭሩ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ መዛወሩ ለምን አስፈለገ? ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የጻፈው ባለ 32 ቢት ለሆነው ለኢንቴል 386 ነበር። በዚህ ዓይነቱ አሠራር አንድ ፕሮግራም ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ በአንድ ጊዜ ሊያዝበት አይችልም። የእኛ ሰርቨር ትንሽ ስለሆነ ይህ አላሳሰበንም። ያሳሰበን ሌላ ነው፤ ይኸውም ዴብያን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለባለ 32 ቢት የኢንቴል ማሽኖች ከርነል ማቅረቡን ማቆሙ ነው። እርማት የማይደርሰው ሰርቨር ደግሞ ክትባት እንዳልተከተበ ሕፃን ነው።

አከራዩ ድርጅት ከርነሉን ከዝርዝር መርጦ መለወጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከጓደኞቼ አንዱ «የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አለ። በሰርቨሩ ቅጂ ላይ ሞከርነው፤ በእርግጥም ተነሣ። ባለ 64 ቢት ከርነል ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ማሠራት ይችላልና፤ ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። ከርነሉን ስንጠይቀው 64 አለን፤ የፕሮግራሞቹን መዝገብ ስንጠይቅ ግን አሁንም 32 ነው። ልብ የተተከለለት በሽተኛ ቀሪው አካሉ የቀድሞው እንደሆነ ሁሉ፣ የእኛም ሰርቨር ልቡ ብቻ ተለወጠ እንጂ አልተዛወረም።

ስለሆነም ሁለተኛ ሰርቨር ተከራይተን ባለ 64 ቢቱን ዴብያን ከመሠረቱ ጫንን። ፕሮግራሞቹን አልገለበጥንም፤ እንደ አዲስ አስገባናቸው እንጂ። የፖስትግሬስ የመረጃ ፋይሎችም የተጻፉት በማሽኑ ዓይነት ልክ ስለሆነ፣ እንዳሉ ቢገለበጡ አይነበቡም። መረጃውን በተራ ጽሑፍ መልክ አውጥተን በአዲሱ ላይ መልሰን አስገባን፤ ከዚያም በሁለቱም በኩል የመዝገቦቹን ብዛት ቆጥረን አመሳከርን። አድራሻችንን ወደ አዲሱ ያዞርነው ቁጥሩ ከገጠመ በኋላ ነው። አሮጌውንም ለአንድ ወር ሳንዘጋው አቆየነው።

«ሁለት ኪራይ ለምን ይከፈላል?» ያሉ አባላት አሉ። የተማሪ ኪስ ምን ያህል እንደሆነ ለእኔም የተሰወረ አይደለም። ሆኖም የአንድ ወር ኪራይ ከሚቀጥለው መዋጮ ይተካል፤ የጠፋ ማስታወሻ ግን አይተካም። የሠራንበትን ቅደም ተከተል በጽሑፍ ለማኅበሩ አስረክበናል። እኛም በተራችን መሄዳችን አይቀርምና፣ ከአዲስ ገቢዎቹ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መጥተው ከወዲሁ ይማሩት።