በነውር ስለ መከሰስ

ሰው ሌባ ተብሎ ሲከሰስ ይቈጣል፤ ተሳዳቢ ተብሎ ሲከሰስ ይከራከራል፤ በአደባባይ ኀፍረተ ሥጋውን ገለጠ ተብሎ ሲከሰስ ግን አንገቱን ይደፋል። ይህ ክስ ከሌላው ሁሉ የሚለየው አፍን የሚዘጋ በመሆኑ ነው። ንጹሑም እንደ በደለኛው ያፍራል፤ ሲያፍር ያየው ሰው ሁሉ ደግሞ ኀፍረቱን እንደ ማስረጃ ይቈጥርበታል። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ሳይደርስብህ ማወቅ ይጠቅምሃል እንጂ አያሳፍርህም።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 639 የሚቀጣው፥ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ወይም ሰው በሚያየው ሥፍራ እያወቀ መልካም ጠባይን እጅግ የሚያስነውር አድራጎት የፈጸመውን ሰው ነው። «እያወቀ» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ የነገሩ ምሰሶ ግን እርስዋ ናት። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 23 ወንጀል ተፈጸመ ለማለት ሕጋዊው፥ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር ሁሉ ተሟልቶ መገኘት እንዳለበት ይናገራል። ይኸውም አድራጎቱ በሕግ የተከለከለ እንዲሆን፥ በእውነትም እንዲፈጸም፥ የአድራጊውም ሐሳብ እንዲኖርበት ማለት ነው። እንግዲህ ሱሪው ሳያስበው የተቀደደበት ምስኪን፥ አእምሮው ታሞ ልብሱን የጣለ በሽተኛ፥ የሴት ተማሪዎችን መውጫ ሰዓት ጠብቆ በመንገዳቸው ላይ የሚቆም ባለጌ፥ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ዐይን ያየው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልብ ያሰበው ግን ይለያያል።

ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ፥ የሃያ ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ ከማታ ትምህርት ሲመለስ ሽንቱ አስቸገረው። መጸዳጃ ቤት እንዳለ አንድ ባለሱቅ ጠይቆ «የለም» ስለ ተባለ በአጥር ጥግ ቆመ። በዚያ ጊዜ ሁለት ሴቶች ከመታጠፊያው ብቅ አሉ፤ አንደኛዋ ጮኸች፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ልጁም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። በዚያች ሌሊት ኀፍረት ሁለት ምክር መከረችው። አንደኛው ምክር «ከነጭራሹ በዚያ አልነበርሁም ብለህ ካድ» የሚል ነበር። ሁለተኛው «የተባልኸውን ሁሉ አምነህ ፈርም፤ እናትህ ሳትሰማ ነገሩ ይለቅ» የሚል ነበር። ሁለቱም ውሸት ናቸው። የመጀመሪያው ምስክር ሲመጣ ይፈርሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

በማግሥቱ ከአጎቱ ጋር ጠበቃ ይዘን ሄድን። ጠበቃው የሰጠው ምክር አጭር ነበር፤ «ያደረግኸውን አድርጌአለሁ በል፤ ያላደረግኸውን አላደረግሁም በል፤ ከዚያ አትለፍ» አለው። ልጁም በአጥሩ ሥር መሽናቱን፥ ይህም ነውር መሆኑን፥ ነገር ግን ፊቱ ወደ አጥሩ እንደ ነበረና ወደ ማንም እንዳልዞረ ተናገረ። ባለሱቁ መጸዳጃ መጠየቁን መሰከረ። የጮኸችውም ሴት በተጠየቀች ጊዜ በጨለማ የቆመ ወንድ አይታ መደንገጧን እንጂ ወደ እርስዋ ዞረ አላለችም። የቀረውን የጨመሩት የተሰበሰቡት ሰዎች ነበሩ። እርስዋ አልዋሸችም፤ ደነገጠች እንጂ። ልጁ በሁለተኛው ቀን ተለቀቀ።

የሀገራችን ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቋል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፥ ዝም የማለት መብት እንዲኖረው፥ ለጉዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር፥ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይ፥ ምስክሮችን እንዲጠይቅ፥ በጠበቃም እንዲወከል ይፈቅዳል። ስለዚህ ጠበቃ እስኪመጣ ዝም ማለት ማመን አይደለም። ነገሩ ከአእምሮህ ሳይጠፋ ሰዓቱን፥ ሥፍራውን፥ የመብራቱን ሁኔታ፥ የቆምህበትን አቅጣጫና በአቅራቢያ የነበሩትን ሰዎች ጻፍ። በአካባቢው ምስል የሚቀርጽ ካሜራ ያለው ሱቅ ወይም ባንክ ካለ፥ ምስሉ ሳይጠፋ እንዲጠየቅ ለጠበቃህ ንገር። በስልክህ አንዳች ነገር አትለጥፍ። ይልቁንም ከሳሽዋ ክሱን እንድትተው ሽማግሌ አትላክባት፤ ሽምግልና ለእርቅ እንጂ ምስክርን ለማስፈራራት አልተሠራም፤ ንጹሑንም በደለኛ ያስመስለዋል።

ምስክርን መመርመር ዛሬ የመጣ ልማድ አይደለም። በመጽሐፈ ሶስና ሁለት ሽማግሎች አንዲትን ንጽሕት ሴት በነውር ከሰሱ፤ ሸንጎውም ዕድሜያቸውን አይቶ አመናቸው። ዳንኤል ግን ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ጠየቃቸው፤ አንዱ የተናገረው ዛፍ ከሌላው ዛፍ ጋር ሳይገጥም ቀረ። ያዳናት ጩኸት ወይም ስድብ ሳይሆን አንድ በሚገባ የተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ሴት ልጅ አትታመን ማለቴ እንዳይመስልህ። አንቺ ልጄ፥ እንዲህ ያለ ባለጌ በመንገድሽ ቢቆም ኀፍረቱ የእርሱ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም፤ ሳትዘገዪ ተናገሪ፤ ያየሽውን ያህል ብቻ ተናገሪ። ሕግ ባለጌውን የሚይዘው በትክክል በተነገረ ቃል ነው፤ ንጹሑም የሚድነው በዚያው ቃል ነው። አውቆ በሐሰት የሚከስሰውንም ሕግ ይቀጣዋል።

በእውነት ያጠፋህ እንደ ሆነ ግን መከላከያህ የተበደለችውን ስም ማጥፋት አይሁን። ለበደለኛም ጠበቃ አለው፤ ለጠበቃህ እውነቱን ንገር፤ ቅጣትህን እንደ ሰው ተቀበል፤ ያ ምኞት እየተመላለሰ የሚያስጨንቅህ ከሆነም ሐኪም ዘንድ ሂድ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋቱን ለማየት ግን ሰው በሌሊቱ ኀፍረት ያልሆነውን ነኝ ብሎ፥ የሆነውንም አይደለሁም ብሎ መፈረም የለበትም።