«ስንት ቀን ትቆያለህ?»

ሚዛን ተፈሪ ተወልዶ አዲስ አበባ ላይ የቡና አቅራቢዎችን ሒሳብ የሚይዝ መተግበሪያ የሠራ ወንድም አለን። የኮንፈረንስ ወቅት ሲደርስ ከሻንጣው ጋር ነው የሚኖረው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞሮኮ፣ ማራካሽ ወደሚካሄደው ጂቴክስ አፍሪካ ሲሄድ በቴሌግራም «ሶላት ላሳጥር?» አለኝ።

«ሙሳፊር አይደለህ? አሳጥር» አልኩት ቸኩዬ። ጉባኤው የሦስት ቀን ነው፤ እሱ ግን ባለሀብቶችን ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ነይቶ ነበር። በምንቀራው በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ከመግቢያና ከመውጫ ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቆየት የነየተ ሙሉ ይሰግዳል። (በሐነፊ 15 ቀን ነው።)

ሼኻችንን ጠይቄ ደወልኩለት፤ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ስንቱን ቀዷ ላውጣ?» አለኝ። ፈጅርና መግሪብ አያጥሩም፤ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእን ቀን በቀን አብረን መቁጠር ያዝን።